ማስተካከያ፦ የቮልስዋገን ቢትል የቫልቮላ ክፍተት

ስለ ቮልስዋገን ቢትል ሞተር እድሳት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ የቫልቮላ ክፍተት (የሲሊንደሩን የአየርና የጭስ መተላለፊያ በሚከፍተውና በሚዘጋው ቫልቮላ እና እሱን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት) ሞተሩ እንደሞቀ እንዲስተካከል የተገለጸው ትክክል ስላልሆነ፣ በ1600 ሲሲው ሞተር ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በ0.15 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) መሆኑ ታርሞ ይነበብ። ሲሊንደሮቹና ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲሞቁ ስለሚለጠጡ በሙቀት የተወሰደ ልኬት አስተማማኝ አይደለም፤ ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ከጠበበ ደግሞ ቫልቮላው መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማይገጥም ሙቀቱን ለቴስታታው ማስተላለፍ ተስኖት ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይከለክላል፣ ያሞቀዋልም። የዘይቱ መጠን 2.5 ሊትር ተብሎ የተጻፈው ግን ትክክል ስለሆነ አልተለወጠም።