«ደስ ይላል» አይበቃኝም

ሰው ልብ ወለድ አንብቦ ሲጨርስ «እንዴት ነው?» ይባላል። «ደስ ይላል» ብሎ ይመልሳል። ትንሽ ገፋ አድርገን ከጠየቅነው ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርክልናል። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ ይነግረናል። በመሃል የራሱ ነገር ይጠፋል። የት ቦታ ላይ እንደተናደደ፣ የቱ ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቶ እንደተነሳ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንቅልፍ እንደነሳው አይናገርም። እኔ ግን መስማት የምፈልገው ይህንኑ ነው። ታሪኩንማ መጽሐፉ ራሱ ይነግረኛል።

ብዙ ሰው ስሜቱን የሚደብቀው ስሜት አጥቶ አይደለም። «እኔ ሐያሲ አይደለሁ፣ ምን አውቄ?» ብሎ ነው። ይህ ፍርሃት ምንጭ አለው። ተማሪ ሳለን ስለ አንድ ልብ ወለድ የምንጠየቀው ጭብጡን፣ መቼቱንና ግጭቱን ነበር። «አንተስ ስታነበው ምን ተሰማህ?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አይመጣም።

ምሁራኑም ቢሆኑ የአንባቢን ስሜት በጥርጣሬ ያዩበት ዘመን ነበር። ዊልያም ዊምሳትና ሞንሮ ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ግጥምን አንባቢው ላይ በሚያሳድረው ስሜት መመዘን ስህተት ነው ብለው ተከራክረዋል። ግጥሙ ሌላ፣ ግጥሙ የሚያደርገን ነገር ሌላ ነው ባዮች ነበሩ። ከእነሱ ቀደም ብላ ግን ሉዊዝ ሮዘንብላት የተባለች የሥነ ጽሑፍ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው መጽሐፍ ሌላ ነገር ብላለች። በእሷ እምነት አንባቢ እስኪመጣ ድረስ ልብ ወለዱ ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ነው። አንባቢው ትዝታውን፣ ጭንቀቱንና የኖረውን ኑሮ ይዞ ሲመጣ ነው ነፍስ የሚዘራው። እንዳሻችሁ ተርጉሙት ግን አላለችም። ጽሑፉ ራሱ የሚቃረነው ንባብ ዋጋ የለውም ትላለች። እኔ ከሷ ጋር ነኝ።

ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓይነት አንባቢ አልፎበታል! አንዱ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይዞ ያለቅሳል። ሌላው ጉዱ ካሳን ይዞ ይቆጣል። ለዚህኛው መጽሐፉ ከፍቅር ታሪክ ይልቅ በአንድ ሥርዓት ላይ የቀረበ ክስ ነው። ሁለቱም ያነበቡት ያንኑ ገጽ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ፊታውራሪ መሸሻን አምርሬ ጠልቻቸው ነበር። የመጣውን ባል ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ልጃቸውን ያስቀሩ ሰው ናቸው። ልጅ ወልጄ መጽሐፉን ስደግመው ጥላቻው አልለቀቀኝም። ግን ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ፍርሃት። ለልጄ ይበጃታል ብዬ የማደርገው ነገር እየጎዳት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንድ ፊደል ያልተለወጠ መጽሐፍ ሌላ ሰው አሳየኝ።

ይህን ስል ስለ ራሴ ብቻ የማወራ የሚመስለው ይኖራል። አይደለም። ፊታውራሪው በኩራታቸው ውስጥ የልጅ ፍቅር አላቸው ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱን የከፋ የሚያደርገውም ይህ ነው። እዚያ ያደረሰኝ የራሴ ፍርሃት ነው። መንገዱ የግሌ ነው፤ ያገኘሁት ግን መጽሐፉ ውስጥ ነው። ሌላ አንባቢ ሄዶ ሊያየው፣ ካላመነበትም «እኔ እንዲህ አላየሁትም» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። «ደስ ይላል» የሚለውን ሰው ግን በምን ይሞግቱታል?

ስለዚህ ስሜትን ብቻ መናገርም አይበቃም። «አስለቀሰኝ» ጥሩ ጅማሬ ነው። የቱ ጋ? ሞቱ ነው ያስለቀሰህ ወይስ ከሞቱ በፊት ያልተባለው ነገር? ሳይናገር የቀረው ሰው ነው ወይስ ሳይሰማ የቀረው? እዚህ ድረስ የሄደ አንባቢ፣ ሐያሲ ባይባልም፣ ከብዙ የመጽሐፍ ጀርባ አድናቆት የተሻለ ነገር ነግሮናል።

መጥፎ ስሜትም ስሜት ነው። ስሙ የገነነ መጽሐፍ ሲሆን «ሰለቸኝ» ማለት ያስፈራል። ሰዉ «አልገባህም» ይላላ! አንዳንዴ እውነትም ያልገባን ነገር ይኖራል። ግን ያን የምናውቀው «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» ብለን ስንናገርና ሌላው «እኔ ደግሞ እዚያው ጋ ነው የያዘኝ» ሲለን ነው። ዝም ካልን ሁለታችንም ባለንበት እንቀራለን። ጀምሮ መተውም ነውር አይደለም። ያልጨረሱትን እንደጨረሱ ሆኖ ማድነቅ ግን ቀጣዩን አንባቢ ያሳስታል።

የአንባቢ ስሜት ጉልበት እንዳለው ታሪክ ይመሰክራል። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን ፏፏቴ ውስጥ ከትቶ ሲገድለው አንባቢዎች በቁጣ ደብዳቤ ጻፉ። ታሪኩን የሚያወጣውን መጽሔት መግዛት ያቆሙ ብዙ ነበሩ። ደራሲው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ገጸ ባሕርይውን አስነሳው። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ደግሞ የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳሙኤል ሪቻርድሰን ልብ ወለድ «ክላሪሳ» እ.ኤ.አ. በ1747 እና በ1748 በቅጽ በቅጽ ስትታተም፣ አንባቢዎች ባለታሪኳን ልጅ አትግደላት ብለው ደራሲውን በደብዳቤ ለምነውታል። አልሰማቸውም፤ ሞተች።

እኔ ሪቻርድሰን ልክ ነበር እላለሁ። አንባቢ ማልቀስም መቆጣትም መብቱ ነው። ስለተቆጣ ብቻ መጨረሻው ይቀየርልኝ ሲል ግን ስሜቱን ካስነሳበት ነገር ጋር እየተጣላ ነው። የክላሪሳ አንባቢዎች ያን ያህል የለመኑት እኮ ደራሲው ሞቷን የማይቀር አድርጎ ስለጻፈው ነው።

ዛሬ በሕይወት ያሉ ደራሲዎቻችን ከአንባቢ የሚደርሳቸው ነገር ያሳስበኛል። ወይ «በርታ፣ በርቺ» ነው፤ ወይ ስድብ ነው። በሁለቱም ምንም አይሠራባቸውም። «እናቲቱን አመንኳት፤ ልጁን ግን ከተማ ከገባ በኋላ ማመን አቃተኝ። አነጋገሩ ድንገት የአንተን መሰለ» የሚል አንድ አንባቢ ቢገኝ፣ ደራሲው ሌሊቱን ተነስቶ ያን ምዕራፍ እንደገና ያነበዋል።