የፍሬን ምርቃት በአዳማ

አዳማ ውስጥ አዲስ የፍሬን ሸራና ዲስክ ያስገጠመ ሰው አይደበቅም። ጋራዡ በር ላይ ጎማ ሲጢጥ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ፍሬን ሲመረቅ አስፋልት ላይ ጥቁር መስመር ይሰመራል። ይህን ወግ የጀመረውን ሰው ባገኘው ካባ አለብሰው ነበር።

ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ውበቱም እሱ ነው። መካኒኩ የመጨረሻዋን ቡሎን ያጠብቅና እጁን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ራሱ መሪ ይይዛል። ባለመኪናው ጋቢና ይቀመጣል። መኪናዋን በሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ያስጮሃትና ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ሲጢጥ! ባለመኪናው በግንባሩ መስታወቱን ሊስም ምንም አይቀረው።

"አየኸው? ምላጭ ነው!" ይላል መካኒኩ።

"ምላጭ!" ይላል ባለመኪናው፣ ቀበቶ እንዳላሰረ ገና አሁን ትዝ እያለው።

ሒሳብ ይከፈላል። አለቀ። አገልግሎት ይንዛዛል እያላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ እባካችሁ አዳማ መጥታችሁ እዩ።

ከምርቃቱ በፊት ያለው ዝግጅትም መረሳት የለበትም። አዲስ ዲስክ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ከመገጠሙ በፊት ዘይቱ በፍሬን ማጽጃ ታጥቦ መልቀቅ አለበት። የእኛ ልጆች ግን ሌላው የቀባውን ማጥፋት ነውር ነው ብለው ይተዉታል። እንዲያውም ከራሳቸው ይጨምሩበታል። አንድ አዲስ ሸራ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ በግሪስ የተለወሰ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሞ አይቻለሁ። መስመሮቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። አሻራን ማኖር ይሏል ይህ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበት ሞዞ ላይ ያለው ዝገትም አይፋቅም። ዲስኩ ትንሽ ተንጋዶ ቢቀመጥስ? ማን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያውቃል?

ትልቁ ጥበብ ያለው ግን መንገድ ላይ ነው። ሹፌራችን ከጋራዡ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ከንፎ ይመጣና አዳማ መግቢያ ላይ፣ ክፍያ ጣቢያው ጋ፣ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሰልፍ አለ። እግሩን ፔዳሉ ላይ እንደተከለ ስልኩን ያወጣል። "ስማ፣ ፍሬን አስቀየርኩልህ፤ ምላጭ ሆኗል!"

እሱ ሲያወራ የጋለው ሸራ የጋለውን ዲስክ አንድ ቦታ ላይ ጨምድዶ ይዞታል። ከሸራው የለቀቀው ነገር እዚያችው ቦታ ላይ ይጋገራል፤ ከሌላው የወፈረ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ ጎማው በዞረ ቁጥር፣ ሸራው ጠባሳዋን ይረግጣታል። መሪው ይንዘፈዘፋል። ፔዳሉ እግር ሥር ይርገበገባል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ማሳጅ በሚገባበት ዘመን ይህን በነጻ ማግኘት መታደል ነው። ሹፌራችን ግን "ቻይና ነው፤ ዲስኩ ተጣመመ!" ብሎ ያማርራል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም። ግን ይህን ደፍሮ የሚነግረው የለም፤ በተለይ የዲስክ ነጋዴው።

ሸራ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ደግሞ ነገር ማንዛዛት ይወዳሉ። ካርቶኑ ውስጥ መመሪያ ይከትታሉ። ቁጥሩ እንደ ፋብሪካው ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ጭር ያለ መንገድ ፈልግ። እስከ 50 ንዳና በመጠኑ ረግጠህ ወደ 10 አውርደው። ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ልቀቀው። ትንሽ ነድተህ ድገመው፤ ስምንት፣ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳታበዛ እየነዳህ አብርደው፤ እንደጋለ የእጅ ፍሬን ስበህ አታቁመው። እንዲህ ሲሆን ሸራው ዲስኩን ስስና እኩል አድርጎ ይለብጠዋል፤ ሁለቱ በወጉ የሚተዋወቁትም ያኔ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደማለት ነው። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኛ ሐዋሳ ደርሰናል። ወረቀቱ ግን ከንቱ አልቀረም፤ የመካኒኩ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል።

የሚገርመው ይኸው ሹፌር እናቱ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳያሟሹ ሲጋግሩ አይቶ አያውቅም። ምጣድ ካልተሟሸ እንጀራውን ይይዛል፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፍሬን ግን መቼ እንጀራ ይጋገርበታል?

መሪው መንዘፍዘፉን ሲቀጥል ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ይላጣል። መንዘፍዘፉ ይጠፋል፤ ዲስኩም ይሳሳል። ከዚህ ውፍረት በታች አትጠቀሙበት የሚል ቁጥር ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ ያነበበው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከቶርኖ ቤት መልስ አዲስ ሸራ ይገዛል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሲጢጥ!

ይህን ሁሉ በረከት የሚያሰናክሉ ሰዎችም አልጠፉም። አንድ አሮጌ ኮሮላ የሚነዱ ጋሼ እሑድ በማለዳ ወንጂ መንገድ ላይ ይታያሉ። ፈጠን ይላሉ፣ ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ደግሞ ፈጠን፣ ደግሞ ቀዝቀዝ። አንድ የባጃጅ ልጅ አጠገባቸው ደርሶ አንገቱን አወጣ።

"ፋዘር፣ ያለቀው ነዳጁ ነው መንጃ ፈቃዱ?"

"ሂድ ልጄ፣ ፍሬን እያሟሸሁ ነው" አሉት።

ልጁ እየሳቀ አለፋቸው። እውነቱን ነው። የመለዋወጫ ባለሱቁ የእኚህን ሰው መልክ ከረሳው ቆየ። ቶርኖ ቤቱም አያውቃቸውም። እንደ እሳቸው ዓይነት ሰው ቢበዛ ይህ ሁሉ ነጋዴ ልጆቹን በምን ሊያሳድግ ነው?