ዋስ ለማይጠይቅ ደንበኛ

ከጥቂት ወራት በፊት ዕቁብ ወጣልኝ። ዕቁባችን የፒያሳ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ እሑድ ሲሆን ግን ሁሉም ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል። አርባ ሰው፣ በሳምንት 1500 ብር፣ በጠቅላላው 60 ሺህ። ብሩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «ዋስህ ማነው?» አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ጥለናል። ልጄ ክርስትና ሲነሣ በግ ጎትተው የመጡት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ እኔን ነው?» አልኳቸው። «አንተን ነው» አሉ። ሁለት ዋስ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የባለቤቴ ፊርማ። ጸሐፊው ፊርማዋን ከካቻምናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየ። ተው ባይሉት የጣት አሻራም ሳይጠይቅ አይቀርም ነበር።

ይህንኑ በሁለት ዋስ ያወጣሁትን ብር፣ ሳምንቱ ሳይሞላ፣ 45 ሺውን ቆርሼ ስልኬ ላይ ላለ አንድ አረንጓዴ ምልክት፣ ለአንድ የክፍያ አፕ፣ አስረከብኩ። ዋስ አልጠየቅኩትም። አድራሻ አልጠየቅኩትም። ስሙን እንኳ በትክክል መጥራት አልችልም ነበር፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል አጣብቀው ያወጡለት ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእኔና ለመሰሎቼ የቀረበ ውዳሴ ነው። ብዙ ነን። ወቀሳውን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ ማመስገን ነው ያማረኝ።

የአዲስ አበባ ሰው መጠርጠር የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ጃኬት ሲገዛ ስፌቱን ገልብጦ ያያል። ለፋሲካ በግ ሲገዛ ጀርባውን ይጨብጣል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ጥርሱን ከፍቶ ይቆጥራል። ከዚያ «አይ፣ ይኼስ ከስቷል» ብሎ ይሄድና ሦስቴ ይመለሳል። የባንኮቻችን ዋና መንደር ሰንጋ ተራ መባሉም ደስ ይለኛል። ስሙ እንደሚነግረን ድሮ እዚያ የሚቆመው ሰንጋ ነው። ገዢውም ሻኛውን ሳይነካ ከመቀነቱ ብር አይፈታም። ዛሬ እዚያው ላይ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንጻ ቆሟል፤ ዙሪያው መስታወት በመስታወት ነው። መስታወት ጥርስ የለውም። ከፍተን ምን እንቁጠር?

ወደ አረንጓዴው ያስገባኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማኪያቶ ጠጥተን ሂሳቡን በስልኩ ከፈለና ስልኩ ወዲያው «ቲን!» አለ። 3 በመቶ ተመለሰለት። የማኪያቶ 3 በመቶ ስንት እንደሆነ አላሰላሁም። ድምፁ ግን ልቤን ወሰደው። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር ጎረቤቶቼን «ብራችሁን ለስልክ?» እያልኩ ስስቅባቸው የነበርኩ ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤም-ፔሳ ሲመጣ ሳቄ ቀነሰ። አሁን ማስቲካ የምትሸጠው ልጅ ሳትቀር በስልክ ስትቀበል የሚስቅ ሰው ሞኝ ይመስላል። ፈቃድ ያላቸውን ስስቅባቸው ኖሬ፣ ፈቃዱን ማንም ያላየለትን በደስታ ተቀበልኩ። መዘግየቴን ማካካስ ነበረብኛ።

አረንጓዴው ደግሞ ቸር ነው። ብር ለሚያቆይ በወር 4 በመቶ። ጓደኛ ለሚጋብዝ 50 ብር። ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጠው? ይህንን ጥያቄ የጠየቀች አንዲት ሴት ነበረች፤ ባለቤቴ። «አንቺ ደግሞ ሁሌ» ብያት ዘጋሁት።

ሳታጣራ ገባህ ትሉኝ ይሆናል። አጣርቻለሁ። መጀመሪያ 500 ብር ብቻ አስገባሁ። በማግስቱ አወጣሁ። ወጣ! አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይህ በእኛ ዘንድ ሙሉ ኦዲት ይባላል። 500 ብር የመለሰ 45 ሺህ እንዴት ይክዳል? «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። እናቶች ስለ ቴክኖሎጂ ምን ያውቃሉ።

በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስክሪንሾትም ነበረን። አንዱ 12 ሺህ የደረሰ ሂሳቡን ፎቶ ይልካል፣ ሌላው 30 ሺህ የደረሰውን። አውጥቶ በእጁ የያዘውን ብር ፎቶ የላከ ግን አላስታውስም። አልጠየቅንም። የሰው ስክሪንሾት መጠራጠር ነውር ነው።

አንድ ዓርብ ማታ አፑ አልከፍት አለ። «ሲስተማችንን እያሻሻልን ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል።

ደንበኛችን የሚደነቀው እዚህ ጋ ነው። ወረዳ ስንሄድ፣ ባንክ ስንሄድ፣ ነዳጅ ልንቀዳ ስንሰለፍ «ሲስተም የለም» እየተባልን የኖርን ሰዎች ነን። ሲስተም አለመኖሩ ለኛ እንደ ክረምት ዝናብ ነው። ዝናብን ማን ይከሳል? ጃኬት ራስ ላይ ጣል አድርጎ፣ በረንዳ ሥር ተጠግቶ ማባራቱን መጠበቅ ነው። ሌላ አገር አንድ ሰዓት የማይታለፍበትን ነገር እኛ በጨዋነት አምስት ቀን ተሻግረነዋል። ቅዳሜ ጠበቅን። እሑድ ጠበቅን። ሰኞ አንድ ሰው ደፍሮ «ብራችንን ይዘው ጠፍተው እንዳይሆን» ብሎ ጻፈ። የወረደበት ስድብ! «ቅናት ነው» ተባለ። «የሰው ሥራ አታበላሽ» ተባለ። አንዱማ «እንደ አንተ ዓይነቱ ነው አገር እንዳታድግ ያደረገ» አለው። ለድርጅቱ እንደዚያ ጥርሳችንን ነክሰን የተከራከርነው ብራችን የተያዘብን እኛ ነን። እንዲህ ያለ ጠበቃ በገንዘብም አይገኝ።

ረቡዕ ዕለት ቢሮው ሄድን። ስታዲየም አካባቢ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም። ስንደርስ በሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ዓርማው የነበረበት ቦታ አራት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ጥበቃው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ለቀዋል» አሉ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ! እኛ «እናመሰግናለን» የተባልነው ዓርብ ማታ ነው። ከሄዱ በኋላም ሳያመሰግኑን አልቀሩም፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል? ጥበቃው ቆሎውን ዋጥ አድርገው «እኔም 6 ሺህ ነበረችኝ» አሉ። ጠረጴዛና ወንበሩን በደረጃ ያወረዱላቸው እሳቸው ናቸው። ሊፍቱ ስለማይሠራ ልጆቹ አሳዝነዋቸው። «ትሁቶች ነበሩ፣ ሲሄዱ እጄን ጨብጠውኛል» አሉን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተሳስቶ፣ ሰዉ፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ አደረ። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ። እኛ ከሲስተም ስንወስድ ፎቷችን ይለጠፋል። ሲስተም ከእኛ ሲወስድ የራሱን ፎቶ ከፕሮፋይሉ ላይ ያነሣል።

የኛ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፣ ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢው በሱፍ የተነሣው ፎቶ ያለው ሰው ሆነ። በአካል የሚያውቀው የለም፤ ከረባቱ ግን ያሳምናል። ለጠበቃ በነፍስ ወከፍ 300 ብር አዋጡ አለ። አዋጣን። «ዋስህ ማነው?» ያለው ሰው አለ? እግዜር ያሳያችሁ፣ «ተባረክ ወንድማችን» ነው ያልነው። በአሥረኛው ቀን «ሰብሳቢው ከግሩፑ ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌላው ሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻው ይጮኽለታል። እኛ ጅቡ ከሄደ በኋላ ሌላ ጅብ ለውሻነት ቀጠርን።

ይህ የአበሻ ሞኝነት ነው የሚል ካለ ጀርመኖችን ይጠይቅ። ዋየርካርድ የሚባል የክፍያ ኩባንያ ነበራቸው። በፈረንጆቹ 2018 ኮሜርዝባንክን የሚያህል ባንክ አስወጥቶ ከአገሪቱ 30 ታላላቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች ተርታ ገባ። ሰኔ 2012 ላይ፣ እነሱ 2020 በሚሉት ዓመት፣ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የት እንዳለ ማሳየት አቃተው። ብሩ ፊሊፒንስ ውስጥ ሁለት ባንኮች ጋ ተቀምጧል ይባል ነበር። ባንኮቹ ሲጠየቁ «ይህ ኩባንያ ደንበኛችን አይደለም፣ ሰነዱም የሐሰት ነው» አሉ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ከሰረ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ታሠረ፣ ሌላው ትልቅ ኃላፊ እንደኛዎቹ ልጆች እብስ አለ። ኦዲተር እኮ ነበራቸው፣ ስመ ጥር ኦዲተር። እኔ በ500 ብር የሠራሁትን እነሱ በስንት ገንዘብ እንዳሠሩት እንጃ።

ከሁሉ ያስደሰቱኝ ግን እንግሊዞቹ ናቸው። ተቆጣጣሪያቸው የዋየርካርድን የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ለጥቂት ቀናት ሲያግደው፣ የዋየርካርድን ስም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ካርድ ሱቅ ውስጥ አልሠራ አለ። እነሱ የሚያውቁት ሌላ ስም፣ ሌላ ቀለም ያለው አፕ ነው። ከአፑ ጀርባ ማን እንደቆመ አልጠየቁም። ወንድሞቼ! በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሲናፕስ የሚባል፣ አፖችን ከባንክ የሚያገናኝ ድርጅት ሲከስር ከ100 ሺህ በላይ ሰው ገንዘቡን ማውጣት አቃተው። ፍርድ ቤት የሾማት ባለአደራ መዝገቡንና ባንክ ያለውን ስታስተያይ ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ይጎድላል አለች። ባንኩ በሲናፕስ ያሳብባል፣ ሲናፕስ በባንኩ።

እስቲ ይህንን ከጸሐፊያችን ደብተር ጋር አስተያዩት። 40 ስም፣ 40 ምልክት፣ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ። በ11 ዓመት 10 ብር ጎድሎ አያውቅም። ቴክኖሎጂው ስላልገባው ይሆናል።

ነገሩ ያን ያህል የረቀቀም አልነበረም። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር «ይህን ያህል አለብኝ» የሚል የድርጅቱ ቃል ነው። ብሩ ራሱ ባንክ ውስጥ፣ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም አለን፤ አባል የሆነ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። አረንጓዴ ምልክት ሁሉ ግን አባል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከማኪያቶ ቤታችን የእግር መንገድ ነው። ጎራ ብሎ «ይኼን ድርጅት ታውቁታላችሁ?» ማለት ይቻል ነበር። እኔም ሆንኩ የአክስቴ ልጅ አልሄድንም። ሥራ የበዛበት መሥሪያ ቤት ለምን እናስቸግር ብለን ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ስልክ አያነሣልኝም። አልቀየምኩትም። እኔን በማስገባቱ ያገኛት 50 ብርም አብራ ቀልጣበታለች።

ዕቁቡን ዛሬም እየጣልኩ ነው። ለሌለ ብር በሳምንት 1500። ብቀር ዋሶቼ ይያዛሉ፤ አንደኛው ደግሞ የሚስቴ ወንድም ነው። ስለዚህ አልቀርም።

ባለፈው እሑድ ሰዉ ሲበተን ዳኛው ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ግራ ቀኙን አዩና ስልካቸውን አወጡ።

«እኔ የምልህ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ያ ሰማያዊው አዲሱ፣ 5 በመቶ ነው አሉ። የጎረቤቴ ልጅ 500 ብር አስገብቶ በነጋታው አውጥቷል። አንተ ገብተሃል አሉኝ፤ እንዴት ነው የሚገባው?»

«ጋሼ፣ ዋሱ ማነው?» አልኳቸው።

«ሂድ ወዲያ! ስልክ ዋስ ይጠየቃል እንዴ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ሊንኩን ላክሁላቸው። አይተው እስኪጨርሱ ስልኬ «ቲን!» አለ። 50 ብር ገባልኝ።