«እኔ እኮ አንድ ሁለት ብቻ ናት»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተለመደችው ጀበና ቡና ጋ ተሰብስበናል። «ሶፍት፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ» የሚለው ልጅ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲያልፍ የሒሳብ ሠራተኛው ጠራውና አንድ ፍሬ ገዝቶ ለኮሰ። ክርክሩ ከዚያ ተነሳ።

«ኧረ ተው አንተ፣ የልጆች አባት ሆነህ!» አለችው ነርሷ።

«እኔ አጫሽ ነኝ እንዴ? በቀን አንድ ሁለት ብቻ ናት። ይልቅ እሱን ተናገሪው።» በአገጩ ወደ ሹፌሩ ጠቆመ። ሹፌሩ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርሳል።

ሹፌሩ አልተቆጣም። «የእኔ ላይት ነው። ጉሮሮ እንኳ አይከረክርም» አለ።

ነርሷ ይህን ስትጠብቅ የነበረች ትመስላለች። ላይት የሚያሰኘው ፊልተሩ ዙሪያ የተበሱት ደቃቅ ቀዳዳዎች ናቸው አለች። መለኪያው ማሽን ሲስበው በቀዳዳዎቹ አየር ስለሚገባ ታሩ፣ ያ የሚያጣብቀው የጭስ ዝቃጭ፣ ያነሰ ይመስላል። ሰው ግን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፤ ኒኮቲኑ አልበቃ ሲለውም አጥብቆ ይምጋል። ሹፌሩ አንድ አውጥቶ ፊልተሩን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲመረምር ሳቅን።

ጡረተኛው ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «አባቴ ሲያጨሱ ኖረው በዘጠና ዓመታቸው ነው የሞቱት። ጎረቤታችን ደግሞ ትምባሆ በደጁ ሳያልፍ በሃምሳ ዓመቱ ካንሰር ወሰደው። ቀን ከደረሰ ደረሰ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አባትዎ የሚወሩት እኮ ብርቅ ስለሆኑ ነው። በሃምሳ አምስት የሄዱትን ማን ያወራላቸዋል?» ከዚያ የእንግሊዞቹን ሐኪሞች አመጣች። ተመራማሪዎች ሐኪሞቹን ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሲከታተሏቸው፣ ሲያጨሱ የኖሩት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመቱ ያቆመ እንኳ 3 ዓመት ያህል አትርፏል።

«የእንግሊዝ ሳምባና የእኛ ሳምባ አንድ ነው?» አሉ ጋሼ፣ ግን ድምፃቸው ላላ። ደግሞ ጨመሩ፦ «አፄ ዮሐንስ አጫሽ ከንፈሩ ይቆረጥ ብለው ነበር ይባላል። ያኔ ካንሰሩን ማን ያውቃል? ነውር ስለሆነ ነው እንጂ።» እውነታቸውን ነው፤ በእኛም ቤት የተማርነው ከእናት ፊት መደበቅን ነበር። ስለ ልብና ስለ ሳምባ ያነሳልን ሰው አልነበረም።

የሒሳብ ሠራተኛው ደስ ብሎታል። «እንግዲህ እሱ ሃያ፣ እኔ አንድ። የእኔ አደጋ የእሱ አንድ ሃያኛ ነው። ተራ ማካፈል!»

«ለሳምባ ካንሰር ብዛቱ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ልብ ላይ ግን ማካፈልህ አይሠራም» አለችው። ደም ሥርና የደም መርጋት በትንሽ ጭስም ይታወካሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ በቀን አንድ የሚያጨስ ወንድ፣ ሃያ የሚያጨሰው ካለበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ገደማው አለበት። እሱ «ይሄማ የተጋነነ ነው» ብሎ ወሬውን ወደ ኳስ መለሰው።

ፍረድ ብባል ለሹፌሩ ነው የማዝነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን እፈራለታለሁ። ሹፌሩ ስለ ላይቱ ራሱን ቢያታልልም አጫሽ መሆኑን ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ ሊያቆም ሞክሯል። ያኛው ግን አጫሽ አይደለማ፣ ምኑን ያቁም? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይሁን ይላል። ሹፌሩ ሥዕሉን ላለማየት ፓኮውን ከጋዜጣ ሥር ሸጉጦ ነው የሚቀመጠው። የሒሳብ ሠራተኛው መሸጎጥም አያስፈልገው፤ በፍሬ ነዋ የሚገዛው፣ ሥዕሉ እዚያው ልጁ ሳጥን ውስጥ ይቀራል።