ያረጀ አስፕሪን ለምን አቼቶ አቼቶ ይሸታል?

የኬሚስትሪ ተማሪ የኦርጋኒክ ፈተና ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ ግቢ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶኮፒ ቤት ይሄዳል። ከሲኒየር የተገኘ የድሮ ፈተና ከነመልሱ ኮፒ ያስደርጋል። ከዚያ ዶርም ገብቶ፣ አልኪን ከኤችቢአር ጋር ይህን ይሰጣል፣ አልኮል ኦክሲዳይዝ ሲሆን ያንን ይሰጣል፣ ኤስተር ከቤዝ ጋር ሌላ ነገር ይሰጣል እያለ ገጽ ሙሉ ሪአክሽን እንደ ዳዊት ሲደግም ያድራል። ፈተናው ያልፋል። ቀጣዩ ኮርስ ሲጀመር ግን የካርቦኒልን ነገር የሚያስታውስ ከክፍሉ ይጠፋል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ይህንኑ ኮርስ አስተምራለሁ። የሻይ ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ የምሰማው "የዛሬ ተማሪ አያነብም" የሚል ነው። ያነባል እንጂ! ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ላይብረሪ ገብቶ ማየት ነው። የሚያነበው ግን የምንፈትነውን ነው። "የዚህን ሪአክሽን ውጤት ጻፍ" ብሎ ለሚጠይቅ ፈተና ሽምደዳ ትክክለኛው ዝግጅት ነው፤ ተማሪው ሞኝ ስላልሆነ የሚያዋጣውን መንገድ መርጧል። ስለዚህ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ፕሮጀክተር፣ ስልጠና ምናምን ከማለታችን በፊት ፈተናውን እንቀይር ነው የምለው።

ምን ዓይነት ፈተና? ርዕሱ ላይ ያለው ጥያቄ አንዱ ነው። ጣና ዳር ሙቀቱም እርጥበቱም አይታማም። መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቆየ አስፕሪን ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይላል። አጠገቡ የነበረው ፓራሲታሞል እኩል ቢያረጅም እንደዚያ አይሸትም። ለምን?

ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ሐሳብ ነው፤ ኤሌክትሮን ከተትረፈረፈበት ወደ ጎደለበት ይሄዳል። ካርቦኒል የምንለው ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበትን ቦታ ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ካርቦኑ እንደጎደለው ይቀራል፣ እናም ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ውሃም ይሁን ሌላ፣ እዚያ ካርቦን ላይ ያርፋል። አስፕሪን ኤስተር ነው፣ ከካርቦኒሉ ጎን ሌላ ኦክስጅን አለ ማለት ነው። የአየሩ እርጥበት ቀስ እያለ ካርቦኒሉን ይመታውና ሞለኪዩሉ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሌላው አሴቲክ አሲድ። አሴቲክ አሲድ ያው ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ ውስጥ ያለው ነው። ፓራሲታሞል ግን አማይድ ነው፣ ከካርቦኒሉ ጎን ያለው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ትርፍ ኤሌክትሮኑን ከኦክስጅን ይልቅ ሳይሰስት ለካርቦኒሉ ያካፍላል። የካርቦኑ ጉድለት ይቀንሳል፣ ውሃውም በቀላሉ አይደፍረውም። አለቀ።

ይህ የገባው ተማሪ ሳሙናን እንደገና መሸምደድ የለበትም። የኑግ ዘይት ከካስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ሳሙና የሚሆነው በዚያው መንገድ ነው፤ ዘይቱም ኤስተር ነው፣ የሚመታውም ያው ካርቦኒል ነው፣ መቺው ብቻ በውሃ ፈንታ ከካስቲክ ሶዳው የሚመጣው ሃይድሮክሳይድ ሆኗል። ከመተማ በኩል የሚመጣው ዕጣን ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦክታይል አሲቴትም ኤስተር ነው። ሃንድአውቱ ላይ ግን መድኃኒቱ በአንድ ምዕራፍ፣ ሳሙናው በሌላ ምዕራፍ ይመጣል፣ ዕጣኑ ጭራሽ አይመጣም። ተማሪውም ለየብቻ ይሸመድዳቸዋል።

ጫትንም ማንሳት ይቻላል (ቃሙ እያልኩ አይደለም፣ አደራ)። ጫት የጫነ መኪና ለምን እንደሚበር መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ገዢ የለውም። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ካርቦኒል አለው። ከተቆረጠ በኋላ ያ ካርቦኒል እያደር ወደ አልኮል ይለወጥና ነገሩ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይወርዳል። ሪዳክሽን የሚለውን፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያስተምረውን ምዕራፍ በዚህ ስጀምር ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ሁሉ ቀና ይላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የእንዶድ መረሳት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች ምልከታ ተነስተው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል አሳዩ፤ ንጥረ ነገሩም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ወስደውበታል። ቢልሃርዚያ ደግሞ ለጣና ዳር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ሞለኪዩሉ ሳፖኒን ነው፤ በአንድ ወገኑ ስኳር ስላለው ውሃ ይወዳል፣ በሌላው ወገን የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች ስላሉት ቅባት ይወዳል። አረፋ የሚያወጣውም ቆሻሻ የሚያስለቅቀውም በዚህ ጠባዩ ነው። ስኳሩ ከቀለበቱ ጋር በምን ቦንድ ተያያዘ፣ አሲድ ውስጥ ቢፈላ የቱ ጋ ይሰበራል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ግን ኤስተርን ስናስተምር ተማሪው አሽትቶት የማያውቀውን፣ ዊንተርግሪን የተባለ የፈረንጅ ተክል ዘይት በምሳሌ እንጠራለን። ለምን? መጽሐፉ ላይ ስላለ!

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። ሲላበሱ ሰፊ ነው፣ ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ኬሚካል ስለማይገኝ ብዙ ቦታ ላብ ማለት አንድ ሰው ሲሠራ ሌላው ከብቦ ማየት ሆኗል። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ትምህርት ሲቆራረጥ ደግሞ የሰሚስተሩ ጊዜ ይጨመቃል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ እሱም የምርጫ ጥያቄ ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጊዜ ሲያጥር ምዕራፍ ማሯሯጡ ምን ይጠቅማል? ምርጫ ፈተና ላይም እኮ አይቶት የማያውቀው ሞለኪዩል ይመጣበታል፤ ኤሌክትሮኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ተማሪ ከአራቱ ሁለቱን ወዲያው ይሰርዛል፣ የሸመደደው ግን "ይሄን አልተማርንም" ብሎ ይገምታል።

ከሲላበሱ ምን ይቀነስ ብትሉኝ ስም አወጣጡን እላለሁ። የአይዩፓክን (የዓለም አቀፉን የኬሚስትሪ ማኅበር) የስም አወጣጥ ሕግ ከነዝርዝሩ እያስጠኑ ሳምንታት ማቃጠል ለእኔ አይዋጥልኝም። ዋና ዋናዎቹን እናሳይ፣ ቀሪውን ሲያስፈልገው ከመጽሐፍ ያየዋል። በተረፈው ጊዜ ሞለኪዩል በእጁ ይሥራ። ሞዴል መግዣ ከሌለ ድንችና ስቴኪኒ አለ፤ አንድ ድንች ላይ አራት ስቴኪኒ፣ ጫፋቸው ላይ አራት የተለያየ ቀለም፣ ከዚያ በመስታወት የሚታየውን ምስሉን በሌላ ድንች ሠርቶ አንዱን በሌላው ላይ ለመግጠም ይሞክር። እንደማይገጥም በእጁ ካየ ካይራሊቲ የሚለው፣ ከመስታወት ምስላቸው ጋር ስለማይገጥሙ ሞለኪዩሎች የሚያወራው ምዕራፍ ግማሹ ገባው ማለት ነው።

የመጨረሻው ክርክር እርማት ነው። "ለምን ብለህ ከጠየቅህ የክፍሉን ሁሉ ድርሰት ስታርም ልትከርም ነው" ይሉኛል። ድርሰት ማን አለ? ቀስት ይሳል። አስፕሪኑንና ውሃውን አጠገብ ለአጠገብ ሳልለት፣ ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በቀስት ያሳይ። ቀስቱ ከውሃው ኦክስጅን ተነስቶ የካርቦኒሉ ካርቦን ላይ ካረፈ ማርኩን ስጠው፣ ተገልብጦ ከሄደ አልገባውም። አንድ ወረቀት ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። የሪኤጀንቶቹን (ለሪአክሽን የሚጨመሩትን ኬሚካሎች) ዝርዝር ደግሞ እኛው ራሳችን ከፈተናው ወረቀት ጋር አያይዘን ብንሰጥ አጤሬራ ይዞ የሚገባም አይኖርም፣ ቢይዝስ ምን ሊጽፍበት?