ማስተካከያ፦ ላፕቶፕን በዋይፋይ ወደ ቤት ሰርቨር ባክአፕ ስለማድረግ

ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ ላይ፣ በሰከንድ 300 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ዋይፋይ 500 ጊጋባይት መረጃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ሰርቨር (ፋይሎች የሚቀመጡበት የቤት ኮምፒውተር) ይቀዳል የተባለው ሜጋቢትን ከሜጋባይት ጋር ያቀላቀለ ስሌት በመሆኑ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 300 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 37.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህም በራውተሩ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ጣሪያ እንጂ በተግባር የሚገኘው ፍጥነት አይደለም። ግድግዳ፣ ርቀትና የጎረቤት ዋይፋይ ሲታከሉበት ግማሹን ማግኘት ራሱ መልካም ነው፤ በዚያ ፍጥነት የመጀመሪያው ሙሉ ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰርቨሩም ከራውተሩ ጋር በዚያው ዋይፋይ የተገናኘ ከሆነ፣ መረጃው በአንድ ቻናል (የሬዲዮ ሞገድ መስመር) ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ሰርቨሩ ሁለት ጊዜ ስለሚጓዝ የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሰርቨሩን በኬብል ማገናኘት ይገባል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ላፕቶፑንም በኬብል አገናኝቶ መውሰድ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ የባክአፕ ፕሮግራሞች አዲስና የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ ስለሚልኩ ዋይፋዩ ይበቃል።

የላፕቶፑ ክዳን ቢዘጋም ቅጂው ይቀጥላል የተባለውም ለአብዛኞቹ ላፕቶፖች አይሠራም፤ መሣሪያው ሲያንቀላፋ ግንኙነቱ ይቋረጣልና ቅጂው እስኪያልቅ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ክፍት ይቆይ።