ዳኛ ለአንድ ቀን አይከራይም

አንድ የክልል ብስክሌት ማህበር ለመጪው የውድድር ዓመት ያጸደቀው ዕቅድ ሰሞኑን መነጋገሪያ ሆኗል። በየሳምንቱ ሲካሄዱ የቆዩት የግል ክሮኖዎች፣ ማለትም ጋላቢዎች አንድ በአንድ ተነስተው ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩባቸው፣ ተሰርዘዋል። በአጭር መንገድ ላይ ደጋግሞ የሚዞረው ወርሃዊው የዙር ውድድር ተሰርዟል። የታዳጊዎቹም እንደዚያው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ገንዘብ ከከተማ ከተማ ለሚጋለብ አንድ የ120 ኪሎ ሜትር ውድድር ተመድቧል። ውሳኔው ራሱ ያናድዳል፤ የባሰው ግን ማብራሪያው ነው። በዓመት አንዴ የሚሰባሰብ የዳኞች ቡድን ይህን ያህል ውድድር እንዴት ይመራል ተብለው ሲጠየቁ፣ ኃላፊዎቹ ዋና ዋናዎቹ ዳኞች ለዕለቱ ከሌላ ቦታ እንደሚጋበዙ፣ የቀረው ሰው ደግሞ በዋዜማው የግማሽ ቀን ሥልጠና እንደሚሰጠው መልሰዋል።

ግማሽ ቀን! እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው የፍጻሜ መስመር ላይ ቆሞ ቁጥር ጠርቶ አያውቅም። ጠርቶ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ቃል ከአፉ አያወጣም ነበር።

በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ የጎዳና ውድድር ፍጻሜ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር መስመር ነው፤ 72 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ነጭ መደብ መሃል ይሰመራል፣ ከጥቁሩ ወዲህና ወዲያ 34 ሴንቲ ሜትር ነጭ ይቀራል። ጋላቢው ፈጸመ የሚባለው የፊት ጎማው ከጥቁሩ መስመር መግቢያ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንደተነሳ ግድግዳ የሚታሰበውን ልክ በነካባት ቅጽበት ነው። ጭንቅላቱ ቢቀድም፣ እጁን ቢዘረጋ ዋጋ የለውም። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በስፕሪንት፣ ማለትም በፍጻሜው የፍጥነት ግልቢያ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተለመደ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 16.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ 1.7 ሜትር ገደማ የምትረዝም ብስክሌት መስመሩን ተሻግራ ለመውጣት የሚበቃት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ተያይዘው የመጡ 40 ጋላቢዎች በ5 ሰከንድ ውስጥ ተጠቃለው ቢያልፉ በሰከንድ 8 ሰው ማለት ነው፤ እያንዳንዱም ጀርባው ላይ የተጨማደደ ቁጥር ይዞ።

ይህን አንድ ሰው በዓይኑ ብቻ አይዘውም፤ ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ ዳኛ ዓይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ወደ ድምፅ መቅረጫ ይጠራል። ሁለተኛው ቀና ሳይል የሚሰማውን ብቻ ይጽፋል። ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለብቻው ይጠራል፣ ምክንያቱም ከወዲህ ያለው ጋላቢ ከወዲያ ያለውን ይሸፍናል። ቁጥር ያመለጠው ጠሪ “አለፈ” ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ጸሐፊው ባዶ መስመር ይተዋል፤ ባዶው ኋላ ከቪዲዮው ይሞላል። በዋዜማው የሠለጠነ ሰውስ ምን ያደርጋል? ያመለጠውን ቁጥር ለማየት አንገቱን ያዞራል። አንድ ሰከንድ ባዞረ ቁጥር ስምንት ሰው ያልፈዋል፣ ከዚያ በታች ያለው ዝርዝር በሙሉ ቦታውን ይስታል። አንገት የማዞር ልማድ በሥልጠና ወረቀት አይጠፋም። የሚጠፋው 12 ሰው በሚፈጽምበት፣ ስህተቱ ወዲያው ተገኝቶ በሚታረምበት ትንሽ ውድድር ላይ ነው። ማህበሩ የሰረዘው ደግሞ እሱኑ ነው።

ካሜራ አለ ይሉናል። ካሜራውን ማን ይተክለዋል? በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ተራ ካሜራ በዚያ ፍጥነት ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ብስክሌቷ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታመልጠዋለች። በሰከንድ 120 የሚያነሳው ክፍተቱን ወደ 14 ሴንቲ ሜትር፣ 240 የሚያነሳው ወደ 7 ያወርደዋል። መስመሩን ብቻ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚያነብ የፎቶ ፊኒሽ መሣሪያ ክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከመስመሩ ጋር ካልተስተካከለ ይዋሻል። 7 ሜትር በሚሰፋ መንገድ ላይ ካሜራው 3 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በማዶው ጠርዝ የሚመጣው ጋላቢ 37 ሴንቲ ሜትር ይመረቅለታል ወይም ይቀነስበታል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ያስፈልጋል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ይቆማሉ፣ በካሜራው ሲታዩ የቅርቡ የሩቁን ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍን ድረስ መቆሚያው ይገፋል፣ ከዚያ እግሩ ይታሰራል፤ ተመልካች ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ከፍጻሜው በፊት እንደገና ይታያል። ፀሐይ ፊት ለፊት እንዳትመጣ አስቀድሞ በውድድሩ ሰዓት መታየት አለበት፤ ጠዋት የተተከለ ካሜራ ከሰዓት በኋላ ሊታወር ይችላል። ከፍ ያለ ቦታም ይፈልጋል፣ ካልሆነ ጎን ለጎን ከመጡት ሦስት ሰዎች አንዱን ብቻ ያያል።

የጋላቢውን ማለፍ በራሱ የሚመዘግበው ቺፕም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። ቺፕ የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ ይታሰራል፣ ውድድር የሚያልቀው ግን በጎማው ጫፍ ነው። አንዱ ከፍ አድርጎ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ካሰረው፣ የጎማ ስፋት ታህል የምትለያቸውን ሁለት ጋላቢዎች ቺፑ ሊያገለባብጣቸው ይችላል። ዙር ለመቁጠር፣ ተበታትነው የመጡትን ለመመዝገብ ግሩም ነው። አንደኛና ሁለተኛን ለመለየት ግን ፎቶውን የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። ሰዓት አሰጣጡም ሌላ ጣጣ ነው፤ በአንድ ስብስብ የገቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ያገኛሉ፣ አዲስ ሰዓት የሚሰጠው ከፊተኛው ስብስብ የመጨረሻ ሰው የኋላ ጎማ እስከ ተከታዩ ስብስብ የመጀመሪያ ሰው የፊት ጎማ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ፊት ጎማ የለካ ጀማሪ ያልነበረ ክፍተት ይፈጥራል፣ የጋላቢውን ሰዓት ያለ ጥፋቱ ይቆርጥበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ይለመዳል? ማህበሩ ወጪ ብሎ በሰረዘው የሳምንቱ ክሮኖ ላይ። 20 ጋላቢ፣ በየአንድ ደቂቃው አንድ ሰው፣ አንድ አስነሺ፣ አንድ ኮርቻ ያዥ፣ ሁለት ሰዓት ያዦች፣ መዞሪያው ላይ አንድ ዳኛ። ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ይነሳሉ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ማንም አይነካቸውም። ቁጥር 7 ሰዓቱ 7ኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ይነሳል፤ ሲመለስ ሰዓቱ ካሳየው ላይ 7 ደቂቃ ይቀነሳል፣ አለቀ። ዘግይቶ የመጣም ቢሆን የሚቆጠርበት በተመደበለት ደቂቃ ነው። ሰዓት ያዡ ግራ ተጋብቶ ማቆሚያውን ከተጫነ ሁለተኛው ሰዓት ያድነዋል፤ ሁለት የሆኑትም ለዚህ ነው። የመዞሪያው ዳኛ ደግሞ ርቀት በዓይን መገመት ይማራል፤ የደረሰበትን የሚያልፍ ጋላቢ ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ጎን መራቅ አለበት፣ የታለፈውም ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ 25 ሜትር ወደ ኋላ መቅረት አለበት። 25 ሜትር ስንት እንደሆነ በቢሮ ማስረዳት አይቻልም። አስፋልቱ ላይ በኖራ ሁለት ምልክት ተደርጎ፣ ብዙ ብስክሌቶች በመሃሉ ሲያልፉ ይታያል እንጂ።

የዙር ውድድሩም የራሱ ትምህርት አለው፤ ትልቁ አደጋ የመጨረሻውን ዙር የሚያበስረው ደወል ነው። መሪዎቹ ወደ ኋላ የቀሩትን ሲደርሱባቸው ፔሎቶኑ (ዋናው የጋላቢዎች ስብስብ) ይደባለቃል፣ ከፊት የሚታየው ሰው መሪ ይሁን በአንድ ዙር የተቀደመ አይታወቅም። በዚያ ሰዓት ደወል የያዘው ሰው በስሜት ከደወለ ግማሹ ጋላቢ አንድ ዙር ቀድሞ ስፕሪንት ይገባል፣ ግማሹ በረጋ መንፈስ ይጋልባል፣ ውጤቱን የሚያስተካክል ደንብ አይገኝም። ስለዚህ ደዋዩ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የመሪዎቹን ቁጥር በየዙሩ በወረቀት የሚይዝ ነው። አሠልጣኝ ቢጮህ፣ ተመልካች ቢጮህ፣ የማህበሩ ፕሬዚዳንት ራሱ መጥቶ ቢጮህ አይሰማም። ይህን ድፍረት በግማሽ ቀን ማን ይሰጠዋል?

የኃላፊዎቹ ሁለተኛው መከራከሪያ የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ተካሂዷል፣ ስለዚህ ትልቅ ውድድር ስፖርቱን ያነሳል ይላሉ። ታሪኩን ከመጨረሻው ማንበብ ማለት ይህ ነው። ቱር ዱ ሩዋንዳ የተባለው የብዙ ቀን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1988 ተጀመረ፣ በ2009 ዓለም አቀፉ ካላንደር ውስጥ ገባ፣ በ2019 ደረጃው ከፍ አለ፣ ሻምፒዮናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ 3 የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይስ? የመጣው ከአስመራ ነው፣ የብስክሌት ውድድር የሕዝብ ልማድ ከሆነበት ከተማ። ከአንድ ትልቅ ቀን የፈለቀ አይደለም።

ትልቅ ውድድር ስፖንሰር ይስባል፤ ይህን አልክድም። ግን ወጪውን ያሰሉ አይመስለኝም። ደንቡ ከፍጻሜው በፊት ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከፍጻሜው በኋላ 100 ሜትር መንገዱ በሁለቱም ወገን በብረት አጥር እንዲታጠር ይጠይቃል። 800 ሜትር አጥር፣ አንዱ 2.5 ሜትር ቢሆን 320 አጥር ማለት ነው፤ የሚጭነው መኪና፣ የሚደረድረው ሰው፣ መልሶ የሚሰበስበው ሰው አለ። 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 60 መገንጠያ ቢኖር 60 አስተባባሪ ባንዲራ ይዞ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ይቆማል፤ ሁሉም ፔሎቶኑን የሚያየው አንዴ ነው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። ያንኑ 120 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር ዙር 12 ጊዜ ቢያስኬዱት፣ ዙሩ 6 መገንጠያ ካለው 6 ሰው ይበቃል፣ ስድስቱም አሥራ ሁለት ጊዜ መኪና ማቆምና መልቀቅ ይለማመዳሉ። በዚህ ሒሳብ ገንዘብ ቆጣቢው ማነው?

የደኅንነቱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ጋላቢ ወድቆ አምቡላንሱ ይዞት ከሄደና ሁለተኛ አምቡላንስ ከሌለ፣ ዋናው ዳኛ ውድድሩን ማቀዝቀዝ ወይም ማቆም አለበት፤ የሚወስነው በሰከንዶች ውስጥ ነው፣ ሬዲዮው ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እያወራ። አንድ ላይ ሠርተው የማያውቁ ዳኞች ሬዲዮ ላይ መደማመጥ አይችሉም። ፍተሻውም እንዲሁ። ሄልሜት በባለሙያ ውድድር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 አንድሬይ ኪቪሌቭ በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው፤ በዋዜማው የተቀጠረ ፈታሽ ሄልሜት መኖሩን ያያል፣ ማሰሪያው መላላቱን ግን አያይም። የብስክሌቷ መሪ (በእጅ የሚያዘው) ቱቦ ጫፍ ክዳን መኖሩን፣ የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቷ ስትገፋ የመሪው መያዣ መላወሱን አይሞክርም። ክዳን የሌለው ቱቦ ሥጋ ይቆርጣል። የጁኒየሮችን ጊር በአንድ የፔዳል ዙር በ7.93 ሜትር ልክ ይገድብ የነበረው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ እንደተነሳ ያልሰማ ፈታሽ ደግሞ ልጆቹን መነሻው ላይ በከንቱ ሊመልሳቸው ይችላል።

ከሌላ ቦታ የሚጋበዙት ዳኞችስ? ይምጡ። ግን የሚመጡት ሦስትና አራት ሆነው ነው፤ የቀረው በሙሉ የማህበሩ ሰው ነው፤ ሲሄዱም እውቀቱን ሻንጣቸው ውስጥ ይዘውት ይሄዳሉ። በቀጣዩ ዓመት ማህበሩ ያንኑ ግብዣ እንደገና ይከፍላል።

ጠቅላላ ጉባዔው ይህን ዕቅድ ወደ መጣበት ይመልሰው። አዲሱ ካላንደር የውድድር ወቅቱ ከመከፈቱ 6 ወር በፊት ይውጣ፣ የፖሊስ ፈቃድና የኢንሹራንስ ውል እያንዳንዱን ቀን ይከተል። በእያንዳንዱ ውድድር አጠገብ የዋናው ዳኛ፣ የቁጥር ጠሪው፣ የጸሐፊው፣ የሁለቱ ሰዓት ያዦችና የደዋዩ ስም ይጻፍ፤ እያንዳንዳቸው ባለፈው ወቅት በዚያው ኃላፊነት ስንት ውድድር እንደሠሩም ከጎኑ ይመዝገብ። ስም ያልሞላበት ውድድር ካላንደር ውስጥ አይግባ። የ120 ኪሎ ሜትሩም በዚሁ ይለካ፤ ካልሞላ ለከርሞ ይቆይ።